የማንቸስተሩ አትላስ እና የገጽ ሥርዓት አጀማመር

እ.ኤ.አ. በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው አትላስ ኮምፒውተር፣ ዋና ማኅደረ ትውስታው የሚይዘው ባለ 48 ቢት 16,384 ቃላት ብቻ ነበር፤ መግነጢሳዊ ከበሮው ግን 98,304። ቀደም ሲል ከከበሮው ምን፣ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ አድራሻን ከሥፍራ ለዩት። ማኅደረ ትውስታው እያንዳንዳቸው 512 ቃላት በሚይዙ 32 ክፍሎች ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም የያዘውን ገጽ ቁጥር የሚያመለክት ሬጅስተር ተበጀለት። የተጠራው ገጽ በዚያ ካልተገኘ፣ ማሽኑ ፕሮግራሙን አቋርጦ ከከበሮው ያመጣዋል።

ታዲያ ማን ይውጣ? በእኔ እይታ የታሪኩ እምብርት ይህ ጥያቄ ነው። አትላስ የገጾቹን ያለፈ አጠቃቀም እየመዘገበ፣ ለረጅም ጊዜ የማይፈለገውን ለመገመት ይሞክር ነበር። ይሁንና ግምት መሳቱ አይቀርም፤ በኋላ በመጡ ሥርዓቶች ፕሮግራሞች ሲበዙ ማሽኑ ገጽ ከማመላለስ በቀር ሥራ የማይሠራበት ጊዜ መጣ። በ1968 ፒተር ዴኒንግ መንስኤውን አስረዳ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም በቅርብ ጊዜ የተጠቀመባቸው ገጾች በሙሉ ሥፍራ ካላገኙ፣ ተጨማሪ ፕሮግራም መቀበል አይገባም።