የትምህርት ቤት አስተዳደርና ምርጫ በሽኩና ሄ፣ ቤር ሼቫ

ሽኩና ሄ በደቡብ እስራኤል በምትገኘው በቤር ሼቫ (በመጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ) በዕብራይስጥ ፊደል ከተሰየሙት ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ሰፈሩ በሕዝብ የተመረጠ የትምህርት ቦርድ የለውም፤ ከ200 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማዋም የላትም። በአሜሪካ ከ13 ሺህ ያላነሱ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሲኖሩ አብዛኞቹን የሚመራው ነዋሪው የመረጠው ቦርድ ነው። በእስራኤል ግን የአንድ የሰፈር ትምህርት ቤት ሥልጣን ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለወላጆች ኮሚቴ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ወላጅ ድምፅ የሚሰጠው በሁለት ቦታ ነው፦ በየአምስት ዓመቱ ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት ሲመረጥ፣ እንዲሁም በየዓመቱ ትምህርት እንደተከፈተ በልጁ ክፍል ውስጥ የወላጆች ተወካይ ሲመረጥ። ጋዜጣ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ግን ስብሰባው ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ይወስነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰፈሩ

ቤር ሼቫ ከ1948 በኋላ በፍጥነት ስትስፋፋ አዳዲስ ሰፈሮቿ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት እየተባሉ በፊደል ተራ ተሰየሙ፤ ሄም በዚሁ ተራ የመጣ ነው። በሥነ ሕንፃ ታሪክ የሚታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሙከራ በተሠራው «ናሙና ሰፈር» ነው። አርክቴክቶቹ አብራሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ የነደፉትና «ሩብ ኪሎ ሜትር» የሚባለው ረጅሙ ሕንፃ፣ በሥሩም ከበረሃው ፀሐይና ነፋስ እንዲከልሉ ተጠጋግተው የተሠሩት ባለ ግቢ ቤቶች የዚያ ሙከራ ክፍል ናቸው።

ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ወደ ከተማዋ በብዛት የገቡት ከ1984–85ቱ የሙሴ ዘመቻና ከሜይ 1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ነው። ከመርካዝ ክሊታ (ከስደተኞች መቀበያ ማዕከል) የወጣው ቤተሰብ በማሽካንታ (በቤት ብድር) ቤት የገዛው በአብዛኛው ዋጋው በሚቀምሰው በነባሮቹ ሰፈሮች ነበር። ልጆቹም እዚያው ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ተመዘገቡ።

አንድ ትምህርት ቤት፣ ስንት ባለቤት

የሥርዓቱ መሠረት ሁለት ሕጎች ናቸው። የ1949ኙ የግዴታ ትምህርት ሕግ ትምህርትን ግዴታና ነፃ አደረገ። የ1953ቱ የመንግሥት ትምህርት ሕግ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በፖለቲካ ፓርቲዎች ጥላ ሥር የነበሩትን የትምህርት ጎራዎች አፍርሶ መንግሥታዊ (ማምላኽቲ) እና መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ (ማምላኽቲ ዳቲ) የሚባሉትን ሁለት ዘርፎች አቋቋመ። የሐሬዲዎቹ (የጥብቅ ሃይማኖተኞቹ) ትምህርት ቤቶች ዕውቅና እያላቸው ከመንግሥታዊው ሥርዓት ውጭ ቀሩ።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራኑን የሚቀጥረውና ደመወዛቸውን የሚከፍለው ሚኒስቴሩ ነው። ሕንፃው የዒሪያው (የማዘጋጃ ቤቱ) ነው፤ ጸሐፊዋና ግቢውን የሚጠብቀው አቭ ባይትም የዒሪያው ሠራተኞች ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አሠሪው ብዙ ጊዜ ዒሪያው ወይም እንደ ኦርት፣ አማልና አሚት ያለ የትምህርት ድርጅት ይሆናል። ክፍፍሉ ጎልቶ የሚታየው ግን በሙአለ ሕፃናት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚውሉት ሁለት ሴቶች አለቃቸው ይለያያል፤ ጋኔኔቷ (መምህርቷ) የሚኒስቴሩ፣ ሳያዓቷ (ረዳቷ) የዒሪያው ናቸው። አንደኛዋ ሥራ ስታቆም ሌላዋ በሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ወላጁም ጠዋት በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ይላል።

ሜናሄሌቷን፣ ማለትም ርእሰ መምህርቷን፣ ወላጅ አይመርጣትም። ሚኒስቴሩ በውድድር ይመድባታል፤ የቅርብ አለቃዋም የደቡብ አውራጃ ሜፋካሓት (ተቆጣጣሪ) ናት። የደቡብ አውራጃው ቢሮ ቤር ሼቫ ውስጥ መሆኑ ለነዋሪው አንድ ጥቅም አለው፤ አቤቱታ ይዞ ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። ችግሩ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ማወቁ ላይ ነው። የክፍሉ ማዝጋን (አየር ማቀዝቀዣ) ሲበላሽ የሚጠየቀው ዒሪያው ነው፤ የሒሳብ መምህር ለሳምንታት ሲጠፋ ሜፋካሓቷ ናት፤ ልጁ ለሥነ ልቦና ምርመራ ወረፋ ሲጠብቅ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ሥነ ልቦና አገልግሎት ነው። ይህን ካርታ በቃሉ የያዘ ወላጅ በአንድ ደብዳቤ የሚጨርሰውን ጉዳይ፣ ያላወቀው ወላጅ ወር ሙሉ ሲመላለስበት ይከርማል።

ገንዘቡም እንዲሁ ከብዙ ምንጭ ይመጣል። ሚኒስቴሩ ለትምህርት ቤቶች የሚያድለው ተጨማሪ ሰዓትና በጀት «ማዳድ ቲፑአሕ» በተባለ መለኪያ ይሰላል፤ የወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ የስደት ታሪክና የከተማዋ ከመሀል አገር መራቅ ይታዩበታል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ጌፌን በሚባለው አሠራር የበጀቱን አንድ ክፍል ሜናሄሌቷ ራሷ ትመድበዋለች። ለወላጆች ኮሚቴ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ ከላይ ተቆርጦ ይመጣ ስለነበረው ፕሮግራም አሁን በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ምዝገባና ቀጠና

የአንድን ትምህርት ቤት መልክ ከማንኛውም ምርጫ በላይ የሚወስነው የምዝገባ ቀጠና ነው። ልጅ የት እንደሚማር የሚያመለክተውን መስመር የሚያሰምረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ሪሹም (ምዝገባው) የሚካሄደውም በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። ወላጅ በሁለቱ መንግሥታዊ ዘርፎች መካከል መምረጥ ይችላል፤ ከቀጠናው ውጭ ላለ ትምህርት ቤት ግን የዝውውር ጥያቄ አቅርቦ መጠበቅ አለበት።

ለኢትዮጵያውያን ይህ የምርጫ መብት ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ወላጆቻቸው ሳይጠየቁ ወደ ሃይማኖታዊው ዘርፍ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱም በጥቂት ትምህርት ቤቶች መከማቸት ሆነ። በ2009 በፔታህ ቲክቫ አንዳንድ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ባሉ ጊዜ ጉዳዩ አገር አነጋገረ። በወረቀት ላይ መብቱ ከዚያ በፊት ነበር፤ የ2000ው የተማሪ መብት ሕግ በዘር ምክንያት ምዝገባን መከልከል ይከለክላል። መንግሥት በ2015 እና በ2016 ያጸደቀው «ደሬኽ ሐዳሻ» (አዲስ መንገድ) የተባለ ዕቅድም ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተለይተው የሚሰጡ አገልግሎቶችን ቀስ በቀስ ወደ መደበኛው አገልግሎት ለማስገባት የታሰበ ነበር።

ቀጠናው ያልተስማማቸው ወላጆች ራሳቸው ትምህርት ቤት የመሠረቱበት ምሳሌም በቤር ሼቫ አለ። በ2006 የተቋቋመው ሀጋር የተባለ ማኅበር አይሁድና ዐረብ ልጆች በዕብራይስጥና በዐረብኛ አብረው የሚማሩበትን ተቋም ከሙአለ ሕፃናት ጀምሮ አሳደገ።

የማዘጋጃ ቤት ምርጫ

ከንቲባን በቀጥታ መምረጥ በ1975 የወጣ ሕግ ውጤት ነው፤ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1978 ነው። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ወረቀት ይይዛል፤ ለከንቲባ ቢጫ፣ ለምክር ቤት ዝርዝር ነጭ። ከንቲባ ለመሆን 40 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ማንም ካልደረሰበት ሁለተኛ ዙር ይካሄዳል። የመምረጫ ዕድሜ 17 ነው፤ ስለዚህ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ብዙ ተማሪዎች ስለ ገዛ ትምህርት ቤታቸው ድምፅ አላቸው። ዜግነት የሌለው ቋሚ ነዋሪም በማዘጋጃ ቤት ምርጫ መሳተፍ ይችላል።

በቤር ሼቫ ከንቲባነት ረጅም ወንበር ነው። ኤሊያሁ ናዊ ከ1963 እስከ 1986 ቆዩ፤ ሩቪክ ዳኒሎቪች ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በተከታታይ እየተመረጡ ነው። በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በዚያው ወር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላልፎ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 ተካሄደ፤ ዳኒሎቪችም አሸነፉ። ከንቲባ በሰፊ ድምፅ በሚመረጥባት ከተማ የትምህርት ጉዳይ የሚሟሟቀው ከድምፅ መስጫው ቀን ይልቅ በኋላ፣ የትምህርት ኃላፊነት በምክር ቤቱ ውስጥ ለማን እንደሚሰጥ ሲደራደሩ ነው።

የከተማ ምክር ቤቱ የትምህርት ኮሚቴ አለው። የማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን የተመረጠ ፖለቲከኛ ሳይሆን በሙያ የሚቀጠር ሠራተኛ ነው። በ2001 የወጣ አንድ ሕግ ይህን የኃላፊነት ቦታ፣ የትምህርት ኮሚቴውን ሊቀ መንበርና የከተማውን የተማሪዎችና ወጣቶች ምክር ቤት ሊቀ መንበር አብሮ ይደነግጋል። ወጣቱ ሊቀ መንበር ከእኩዮቹ ተመርጦ የመጣ ነው፤ ከትልልቆቹ ጋር በሕግ መጠቀሱ እምብዛም ባይወራለትም ቀላል ነገር አይደለም።

ቫዓድ ሆሪም (የወላጆች ኮሚቴ)

ትምህርት በሴፕቴምበር 1 ይከፈታል። ብዙ ሳይቆይ ሜሓኔኽቷ (የክፍሉ ኃላፊ መምህርት) ወላጆችን ለአሴፋት ሆሪም (ለወላጆች ስብሰባ) ትጠራለች። ወላጆች በልጆቻቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ መምህርቷ የዓመቱን ዕቅድ ታስረዳለች። ሰው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር «ማን ቫዓድ መሆን ይፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ አንዲት እናት፣ ምናልባትም ዓምናም የነበረችው፣ እጇን ታወጣለች፤ ሁለት ሦስት ሰው ይከተላታል፤ አለቀ። የዋትሳፕ ቡድን ይከፈታል። ድምፅ የሚቆጠረው ከሚፈለገው በላይ ተወዳዳሪ ሲኖር ነው።

ከየክፍሉ የተመረጡት ተሰብስበው የትምህርት ቤቱን የወላጆች አመራር ይመርጣሉ። የየትምህርት ቤቱ ሊቃነ መናብርት የከተማውን አመራር፣ የከተሞቹ ደግሞ አገር አቀፉን አመራር ይመሠርታሉ። ትምህርት ሚኒስትሩ ፊት ቀርቦ የሚከራከረው የወላጆች መሪ ሥልጣኑ የሚመነጨው ከዚያች የሴፕቴምበር ምሽት ነው።

ኮሚቴው በመምህር ቅጥርና ስንብት፣ በውጤት አሰጣጥና በማስተማር ዘዴ አይገባም። ጉልበቱ ያለው በገንዘብ ላይ ነው። የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) የትምህርት ኮሚቴ ከወላጆች ሊሰበሰብ የሚችለውን ክፍያ ጣሪያ በየዓመቱ ያጸድቃል። በዚያ ጣሪያ ሥር ለክፍል ድግስ፣ ለባህል ዝግጅት፣ ለመጻሕፍት ውሰትና ለመሳሰሉት የፈቃደኝነት ክፍያዎች የወላጆች ተወካዮች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ሊገለል፣ የውጤት ካርዱም ሊያዝበት አይገባም። ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህን ደንብ የሚያውቅ አንድ ተወካይ በኮሚቴው ውስጥ መኖሩ በሸቀል የሚቆጠር ልዩነት አለው፤ የዓመት መጨረሻው ድግስ በውድ አዳራሽ ይሁን በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚወሰነው እዚያ ነው። የ1953ቱ ሕግም ወላጆች ሲጠይቁ ሚኒስትሩ ከሥርዓተ ትምህርቱ እስከ ሩብ የሚደርስ ክፍል በተጨማሪ ፕሮግራም እንዲተካ የሚፈቅድበት በር ትቷል፤ በተደራጀ ኮሚቴ እንጂ በአንድ ወላጅ ጩኸት አይከፈትም።

ከኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው ትውልድ በእነዚህ ኮሚቴዎች ውስጥ እምብዛም አልታየም። አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። እናት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ከመምህርቷ ጋር ስትነጋገር፣ ልጁ ስለ ራሱ የተነገረውን እየመረጠ እንደሚተረጉም የማያውቅ የለም። ሁለተኛው የሥራ ሰዓት ነው፤ ማታ በጽዳት ወይም በጥበቃ የሚሠራ ሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በሚካሄድ ስብሰባ ላይ አይገኝም። ሦስተኛው ክብር ነው፤ በጎንደር ገጠር ተወካይ የሚሆነው ሌሎች «አንተ ሁንልን» ያሉት ሰው ነው፤ «እኔ ልሁን» ብሎ እጅ ማውጣት ለብዙ አባቶች ነውር ይመስላል።

ክፍተቱን ለመሙላት ትምህርት ቤቶች ሜጋሽሪም የሚባሉ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪ አገናኞችን ቀጠሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቤር ሼቫ የተጀመረው ፓክት የተባለው ፕሮግራምም በሙአለ ሕፃናት ዕድሜ ካሉ ልጆች ወላጆች ጋር ሠርቷል። አገናኝ ግን ተወካይ አይደለም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ተቋሙ ነው፤ ወላጅን ወክሎ ሜናሄሌቷን ሊሞግት አይችልም። እስራኤል የተወለዱት ወይም በልጅነታቸው የመጡት ወላጆች አሁን በራሳቸው ዕብራይስጥ ስለሚከራከሩ ስብሰባው መልኩን እየለወጠ ነው።

ከኢትዮጵያው አሠራር ጋር ሲነጻጸር

የተመረጠ የትምህርት ቤት ኮሚቴ ለኢትዮጵያ ወላጅ እንግዳ አይደለም። ደርግ በ1976 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ማጠናከሪያ አዋጅ ቁጥር 260 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኮሚቴ እንዲመሩ አደረገ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በኋላ ተማሪውን ጨምሮ ወተመህ የተባለው፣ በየትምህርት ቤቱ ተቋቋመ፤ በላዩም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ወተመህ ለመማሪያ ክፍል ግንባታ መዋጮ ያሰባስባል፣ ያቋረጡ ልጆችን ያስመልሳል፣ የመምህራንን ሥነ ምግባር ይከታተላል። የቤር ሼቫው ቫዓድ ግንባታ የዒሪያው፣ መምህር የሚኒስቴሩ ስለሆነ ሁለቱንም አይነካም፤ በአንጻሩ ገንዘብ ሲጠየቅ እምቢ የማለት ሥልጣን አለው፤ ለወተመህ አባል ይህ ይከብደዋል። ኒው ዚላንድ ከ1989 ጀምሮ በተከተለችው መንገድ ግን ወላጆች የመረጡት ቦርድ ርእሰ መምህሩን ራሱ ይቀጥራል፤ ከሁለቱም አገሮች የራቀ አሠራር ነው።

በጦርነት ጊዜ

ሮኬት በሚወድቅበት ደቡብ ይህ ሁሉ የሥልጣን ክፍፍል በአንድ ማስታወቂያ ይቋረጣል። ትምህርት ቤት ይከፈት ወይም አይከፈት የሚወስነው ፒኩድ ሃዖሬፍ (የውስጥ ግንባር ዕዝ) ነው፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በቤር ሼቫ የሆነውም ይኸው ነው። ሲከፈትም ስንት ልጅ እንደሚገባ የሚለካው በመጠለያ ቦታ ነው፤ መጠለያው ለሁሉም ካልበቃ ተማሪዎች በፈረቃ ይመጣሉ ወይም በዙም ይማራሉ። መጠለያ መሥራትና ማደስ ግን የማዘጋጃ ቤቱና የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነው፤ የወላጆች አመራርም ጥያቄውን የሚያቀርበው ለእነርሱ ነው። የሕንፃዎቹ ዕድሜ በገፋባቸው እንደ ሽኩና ሄ ባሉ ሰፈሮች ወላጆች ለአዲስ የምዝገባ ዓመት ትምህርት ቤት ሲያማርጡ «ሚክላት (መጠለያ) አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመምህራኑ ብቃት ቀድሞ ይነሣል።