የኤርጋን ቃታ ማላላት፦ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ኤርጋን፣ ማለትም ስለ አየር ጠመንጃ ነው። ስለ ሙሉ ጠመንጃው ሳይሆን ስለ አንዲት ትንሽ ክፍሉ፣ ስለ ቃታው።

ስልካችሁን ከፍታችሁ ብትፈልጉ ቃታ ስለማላላት የሚያሳይ ቪዲዮ እንደ ጉድ ነው። ሰውየው ካቻቢቴና ሞረድ ይይዛል፣ ሁለት ብሎን ይፈታል፣ ትንሽ ይሞርዳል፣ ይገጥማል። ከዚያ በአንድ ጣት ነካ ሲያደርገው ጧ! ሲያዩት ያስቀናል። ቪዲዮው የማያሳየው ግን ያው ጠመንጃ ከወር በኋላ ከተደገፈበት ግድግዳ ተንሸራቶ መሬት ሲመታ የሚሆነውን ነው።

መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ ላላችሁ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በቆሎ ሲደርስ ወፍና ጦጣ ማባረር አለ፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ቆርኪ ወይም ፊኛ በኤርጋን መምታት የሚባል ጨዋታ አለ። ከእኛ አንዱ ልጅ እያለ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ላይ ተሰልፎ ያውቃል። ተራው ደርሶ ጠመንጃውን ሲቀበል አፈሙዙ ገና ወደ መሬት ነበር። ጣቱን ቃታው ላይ ሲያሳርፍ ተኮሰ። ጥይቷ መሬት ገባች። ባለቤቱ ስቆ "ለልጆች እንዲቀል አላልቼው ነው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ ስናስበው ግን ከጎኑ የቆመው ልጅ እግር ጥይቷ ከገባችበት ቦታ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ለመሆኑ ቃታው የሚይዘው ምንድን ነው?

በብዛት የምናየው ኤርጋን ባሩድ የለውም። ውስጡ ያለው ወፍራም ሞላና ፒስተን ነው። ጠመንጃውን ስታቀባብሉ (ቱቦውን ወደ ታች ስታጥፉት፣ ወይም በጎኑ ወይም በስሩ ያለውን ማንሻ ስትስቡት) ሞላው ይጨመቃል። የክንዳችሁ ጉልበት በሙሉ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ተቀመጠ ማለት ነው። ይሄን ጉልበት ይዞ የሚቆየው አንድ ጥርስ ነው። ፒስተኑን የሚነክስ ትንሽ የብረት ጥርስ። ቃታውን ስትስቡ ጥርሱ ይንሸራተትና ይለቃል፤ ሞላው ፒስተኑን ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ አየሩ ጥይቷን ያስወጣታል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ሳይርገበገብ ነው።

የብዙ ሞላ ኤርጋኖች ቃታ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ የመሳብ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል በአንድ ጣት አንጠልጥሉ፤ ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ፋብሪካው እንዲህ ያደረገው እኛን ለማስቸገር አይደለም። ጥርሱ ጠለቅ ብሎ እንዲነክስ፣ ጠመንጃው ቢወድቅ ወይም ቢመታ እንዳይለቅ ነው።

ሰው "አላላሁት" ሲል ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱን አድርጓል። ወይ ጥርሱን ሞርዷል፣ ወይ የቃታውን ትንሽ ሞላ ቆርጧል ወይም በደካማ ቀይሯል፣ ወይ ማስተካከያ ብሎኑን ከልኩ በላይ አጥብቋል ወይም በረጅም ብሎን ተክቷል። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፦ ጥርሱ ጫፍ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መሞረዱ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱን ማረሻ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ቀጥቃጭ ብረቱን አግሎ ውሃ ውስጥ የሚነክረው እንዲጠነክር አይደል? የቃታ ጥርስም እንደዚያ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ በብዙ ርካሽ ኤርጋኖች ደግሞ የጠነከረው ላዩ ብቻ ነው። ስስ ቅርፊት ነው። ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ያንን ቅርፊት ሲያነሳው ከስሩ ለስላሳ ብረት ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን በጣም ደስ ይላል፣ ቃታው ጥሩ ይመስላል። ከዚያ በእያንዳንዱ ተኩስ ጠርዙ እየተበላ፣ እየከበበ ይሄዳል። አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ይለቃል። ስለዚህ "እኔ ሞርጄው አንድ ወር ምንም አልሆነም" የሚል ሰው ማስረጃ አላመጣም፤ ቀኑ አልደረሰም ማለት ነው።

የሞላው ጉዳይ ደግሞ ረቂቅ ነው። ቃታውን ግማሽ ስባችሁ "ተወው" ብላችሁ ብትለቁት፣ ጤነኛ ሞላ ቃታውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ጥርሱም ሙሉ በሙሉ ይነክሳል። የተቆረጠው ሞላ ግን አይመልሰውም። ቃታው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እናንተ ጠመንጃውን ለጓደኛችሁ ስታቀብሉ እሱ አንድ ፀጉር ቀርቶት ነው።

"ሴፍቲ አለው እኮ" የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። በብዙ ኤርጋኖች ሴፍቲው የሚቆልፈው ቃታውን እንጂ ጥርሱን አይደለም። ቃታው እንዳይሳብ ያደርጋል፤ ጥርሱ በራሱ ተንሸራቶ ቢለቅ ሴፍቲው የሚያደርገው ምንም ነገር የለም።

አሁን ወደ ጣታችን እንምጣ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ቱቦው የሚታጠፈውን ዓይነት ስታጎርሱ ቱቦው ክፍት ነው፣ ሞላው ግን ተጨምቋል። ያን ጊዜ ጥርሱ ቢለቅ ቱቦው እንደ ወጥመድ በኃይል ይዘጋል፤ መሃል ያለውን ጣት ያገኘዋል፣ ሰደፉን ሊሰነጥቀውም ይችላል። በጎን ወይም በስር ማንሻ የሚቀባበለው ላይ ደግሞ ጥይት የሚገባበት ክፍተት አለ፤ አውራ ጣት የሚገባው እዚያው ነው። ጥርሱ ከለቀቀ የሚንሸራተተው ሲሊንደር እንደ መቀስ ነው። ለዚህ ሲባል ብዙ ኤርጋኖች ላይ ማጎረሻው ክፍት እያለ እንዳይተኩስ የሚከለክል ተጨማሪ መያዣ ይደረጋል። "ጠጣጠሰ፣ አስቸገረ" ተብሎ መጀመሪያ ተነቅሎ የሚጣለውም እሱ ነው! እባካችሁ እሱን አትንኩት። መያዣው ቢኖርም እንኳ ስታጎርሱ ቱቦውን ወይም ማንሻውን በሌላኛው እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ።

ጠመንጃውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ሌላ ጣጣ አለው። ዋናው ሞላ ሳይቀባበልም ቢሆን በከፊል ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። የኋላውን መክደኛ ያለ መያዣ መሣሪያ የፈታ ሰው ብረቱን ፊቱ ላይ ሊቀበለው ይችላል።

የባለሙያ ፋብሪካ እንኳ ቃታ ላይ ይሳሳታል። በኤፕሪል 2014 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ሬሚንግተን ሞዴል 700 እና ሞዴል ሰቨን የተባሉ ጠመንጃዎቹን ከገዢዎች እንዲመለሱ ጠራ። እነዚህ የእሳት ጠመንጃዎች ናቸው፣ ኤርጋን አይደሉም፤ የቃታው ትምህርት ግን አንድ ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሲገጣጠሙ ቃታው ውስጥ የገባ ትርፍ ማጣበቂያ ጠመንጃው ሳይፈለግ እንዲተኩስ ሊያደርግ መቻሉ ነው። ከ2006 ጀምሮ የተመረቱት ናቸው የተጠሩት። መሐንዲስና መለኪያ ያለው ፋብሪካ በማጣበቂያ ጠብታ እንዲህ ከሆነ፣ ደጃፍ ላይ በሞረድ የተሠራው ምን ይሆናል?

"የኦሎምፒክ ተኳሾችስ? የእነሱ ቃታ እኮ በትንፋሽ ነው የሚሄደው" የሚል ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ የ10 ሜትር ኤርጋን ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ይወዳደሩበታል፣ የጠመንጃዎቹም ቃታ በጣም ቀላል ነው። ግን ያ ቃታ ሲፈጠር ጀምሮ ቀላል እንዲሆን የተሠራ ነው፤ ከባዱ ተሞርዶ የቀለለ አይደለም። ተኳሹም የሚያጎርሰው አፈሙዙ ወደ ኢላማው ዞሮ፣ ዳኛ እያየው፣ ከፊቱ ማንም በሌለበት መስመር ላይ ነው። በአየር ሽጉጥ ውድድር ደግሞ ቃታው ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት፤ ዳኞች በክብደት አንጠልጥለው ይፈትሹታል። ግማሽ ኪሎ ስኳር ማለት ነው። እዚያም ወለል አለው።

አሁንም "መጫወቻ ነው" ለምትሉ፦ የተለመደ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ኤርጋን ጥይት ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ስትወጣ እንደ ጠመንጃው በሰከንድ ከ150 እስከ 300 ሜትር ትሄዳለች። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፎረንሲክ ጥናት እንዲህ ያለች የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ላይ የሰው ቆዳ እንደምትበሳ ለክቷል። ዓይን ከዚያ ባነሰ ይጎዳል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በእነዚህ ጠመንጃዎች በዓመት በአማካይ 4 ያህል ሰው እንደሚሞት ጽፏል። ይኸው ኮሚሽን በ2001 ዴዚ የተባለውን አምራች ከሷል፤ ክሱ ሁለት ሞዴሎች ውስጥ ጥይት ተወሽቆ እየቀረ ጠመንጃው ባዶ ይመስላል የሚል ነበር፣ 15 ሞትና 171 ከባድ ጉዳትም ተጠቅሶበታል። ጉዳዩ በ2003 በስምምነት ተዘጋ። "ባዶ ነው" የተባለ ጠመንጃና የላላ ቃታ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ታዲያ ቃታው በእውነት ከከበደስ? በእኛ አካባቢ መጀመሪያ ዝናቡን ጠርጥሩ። ኢሉባቦር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው፤ ጎጆ ጥግ የተቀመጠ ብረት ሁለት ክረምት ካየ ይዝጋል። ብዙ ጊዜ የከበደው ቃታ ሳይሆን ዝገትና አቧራ ነው። ጥይት በሌለበት፣ ባልተቀባበለ ጠመንጃ ላይ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ የመጣበት መመሪያ ማስተካከያ ብሎን አለው ካለ በመመሪያው ልክ ብቻ መንካት ይቻላል። ዘይት ግን እንደ ወጥ አታፍስሱበት፤ የአየር ክፍሉ ውስጥ የገባ ዘይት ሲተኮስ ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ልምምድም አለ፦ ከሰደፍ አያያዝና ከትንፋሽ የሚመጣ ስህተት ብዙ ጊዜ በቃታ ይሳበባል።

ያገለገለ ኤርጋን ከሰው የምትገዙ ከሆነ የብሎኖቹን ራስ እዩ። የተፋቀ፣ ካቻቢቴ ያንሸራተተበት ከሆነ ተከፍቷል። ቃታው ግማሽ ተስቦ ሲለቀቅ ካልተመለሰ፣ ወይም ሴፍቲ ሲነሳ ብቻውን ከተኮሰ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። ቤታችሁ ያለው ጠመንጃ እንዲህ ሆኖ ተቀባብሎ ከተገኘ ደግሞ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ሰው በሌለበት፣ ወደ ለስላሳ አፈር ክምር አነጣጥራችሁ አስተኩሱትና ከዚያ በኋላ አታቀባብሉት።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ ያስራል፤ ስለዚህ ኤርጋን ከመግዛታችሁም ከማስነካታችሁም በፊት የወረዳችሁን ፖሊስ ጠይቁ። ጉዳት ከደረሰ "ሳላስበው ነው" ብቻውን አያድንም። የወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559 ይቀጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

አደጋው ከደረሰ፣ በተለይ ዓይን ላይ ከሆነ፣ አትጫኑት፣ አትሹት፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ ጥይቷን ለማውጣትም አትሞክሩ። የወረቀት ኩባያ ቂጥ ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ ከላዩ ሸፍኑት፣ ጭንቅላቱ ቀና ብሎ ይቀመጥ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መቱ ላይ ካርል ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ወደ ጅማ ሪፈር ከተባለ መንገዱ በበደሌ በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ "እስከ ነገ እንየው" የሚባል ነገር የለም። ሰውነት ላይ ከሆነም ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች አትናቋት፤ ጥይቷ ጠልቃ ልትገባ ትችላለች፣ ያለ ራጅ አትታይም። የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለታላላቆች፦ ልጅ ሲጎዳ ጠመንጃው እንዳይነጠቅበት ወይም እንዳይገረፍ ፈርቶ "ወደቅኩ፣ እንጨት ወጋኝ" ሊል ይችላል። ሐኪሙም ያንን ሰምቶ ቁስሉን አጥቦ፣ አሽጎ ሊሸኘው ይችላል፣ እርሳሷ ግን ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ቁጣውን ለማታ አቆዩትና መጀመሪያ "ኤርጋን ነበር ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።