ስለ ባርኔጣና ስለ ጫማ

ባርኔጣና ጫማ እንዴት ይስማማሉ ብሎ መጠየቅ ለፈረንጅ የቀለም ጥያቄ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ነገሩ የክብርም ጥያቄ ስለ ነበረ፥ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይገባል። ስማቸው ራሱ ይለያያል። ባርኔጣ የሚለው ቃል በዐረብ አፍ አልፎ ከኢጣልያ የመጣ እንግዳ ሲሆን፥ ጫማ ግን የአገር ቃል ነው፤ የእግር መርገጫ ስም ለልብሱ ተሰጠ።

በፎቶግራፍ የቀረውን ብንመረምር ባርኔጣ ጫማን ቀድሞ እንደ ገባ እናያለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በነጭ ሻሽ ላይ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው የተነሡት ሥዕል በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ሥዕል ባርኔጣ የደፉ፥ እግራቸው ግን ባዶ የሆነ መኳንንትና ወታደሮች ይታያሉ። ይህን አይቶ የሚሥቅ ይኖራል፤ ዳሩ ግን ባርኔጣ ከፀሐይ ይጋርዳል፥ ማዕርግንም ከሩቅ ያስታውቃል፤ የበቅሎው እርካብ ደግሞ በእግር አውራ ጣት የሚያዝ ስለ ነበረ ለባለ ጫማ አይመችም ነበር። አክብሮት የሚገለጠውም በሸማ ነበር፤ ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ኮት በመጣ ጊዜ ግን ኮት አይደገደግምና፥ ያ ሁሉ ሥርዐት ወደ ባርኔጣ ወጣ፤ አባቶቻችን ለታላቅ ሰው ባርኔጣ ማንሣትን ለመዱ።

አሁን በቦሌ ጐዳና የምናያት ባለ አጭር ከንፈር የሱፍ ኮፍያና በቀዳዳ ያጌጠው ጫማ ከወዴት መጡ ቢሉ፥ ከጐልፍ ሜዳ ነው። ጐልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ መትቶ ወደ ጕድጓድ የማግባት ጨዋታ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1457 የስኮትላንድ ሸንጎ፥ ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ ስላሰነፈው፥ በዐዋጅ ከልክሎት ነበር። የሱፍ ኮፍያም በመጀመሪያ የጌታ አልነበረችም፤ የእንግሊዝ ሸንጎ በ1571 የበግ ጠጕር ሥራን ለመርዳት፥ ከስድስት ዓመት በላይ ያለ ተራ ወንድ ሁሉ በእሑድና በበዓል የሱፍ ቆብ እንዲደፋ አዘዘ። ዐዋጁ በ1597 ተሻረ፥ ልማዱ ግን ሰነበተ። የጫማውም ቀዳዳ ረግረግ ለሚሻገሩ ሰዎች ውሃ እንዲያፈስ የተበሳ ነበር ይባላል። እነዚህን የሜዳ ልብሶች ወደ ከተማ ካወጡት ሰዎች ዋነኛው የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ ነው፤ በ1922 በሴንት አንድሩስ የጐልፍ ማኅበር አለቃ ሆነ፥ አለባበሱንም የየአገሩ ወጣት ተከተለው። የዚህ ልዑል ወንድም የግሎስተር መስፍን በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በከተማችንም ምሥራቅ፥ ዐፄ ምኒልክ በሰጡት ቦታ ላይ ባለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ፥ የጐልፍ መጫወቻ ተደልድሏል።

የፈረንጅ ሊቃውንት የስምምነት ሕግ አጭር ነው፤ ጥቁር ባርኔጣ ከጥቁር ጫማ፥ ቡናማ ከቡናማ፥ ከባድም ከከባድ ጋራ። የሱፍ ኮፍያ ከባለ ቀዳዳው ቡናማ ጫማ ጋራ ያምራል፥ የአንድ ሜዳ ልጆች ናቸውና፤ ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ ጋራ ሲሆን ግን የሠርግ ካባ ደርቦ ሞፈር እንደ መሸከም ነው። ይህስ ይታለፍ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጨዋታ ኮፍያ ለሰላምታ ሲነሣ አላየሁም። ሸማው ቀርቶ ባርኔጣ ተተካ፤ ባርኔጣውን ኮፍያ ከተካው፥ ወጣቱ ለሽማግሌ የሚያወርደው ምን ተረፈው?

ፈረንጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፥ ጫማውን ግን አያወልቅም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሰምቶ፥ ሙሴ በቍጥቋጦው አጠገብ የታዘዘውን ተወ። የእኛ ምእመን ሁለቱን አጣምሮ ይዟል። እሑድ ጧት በቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ባለ ቀዳዳው ጫማ ከሸራ ጫማ ጋራ ተደርድሮ ይቈያል፥ ኮፍያይቱም ተጣጥፋ ኪስ ትገባለች፤ ከወንዶች ወገን ራሳቸውን እንደ ሸፈኑ የሚቆሙት ጥምጥማቸውን የጠመጠሙ ካህናትና ቆባቸውን የደፉ መነኰሳት ናቸው።