ከግሸን መንገድ የመጡ ልጆች

በቴሌቪዥን ድራማ አማካሪው ከተቸገረ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ በትዕግሥት ሲያናግረው አይታችሁ ይሆናል። ልጁ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ጥቂት ክፍሎች ካለፉ በኋላ የልቡን አውጥቶ ያለቅሳል። መልካም ነው። በእኛ አገር ግን የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ልቡ የተሰበረን ልጅ ማን ያናግረው ነበር?

ከወግዲ በመካነ ሰላም አድርጋችሁ ደሴ ብትደርሱ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን በአምባሰል ግሸን ማርያም አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ከአዲስ አበባ ለመሳለም ወደዚያ ሄዱ። አገሩን ድርቅ መትቶት፣ ሰው በየመንገዱ ወድቆ ነበር። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ነው፤ እሱኑ አደሉ። አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አይተው አነሷት። ሊሞት የተቃረበ አንድ አባትም ልጁን አደራ አላቸው። ሁለቱን ይዘው ተመለሱ።

ልጆቹ አንድ ዓመት ሳይሞላ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው አልተቀበሏቸውም፤ ዘመድም ራቀ፤ አእምሮዋን ስታለች ያሉም ነበሩ። (አማካሪ ያስፈለገው ለማን እንደ ነበር እናንተ ፍረዱ።) ወይዘሮ አበበች ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ደኅና ሥራ ነበራቸው። ያም ቀርቶ ከልጆቹ ጋር ዶሮ ቤት ውስጥ መኖር ጀመሩ፤ እንጀራ እየሸጡ አበሏቸው። የልጆቹ ሕክምና እንግዲህ ይህ ነበር፦ ምግብ፣ መኝታ፣ ነገም እዚያው የምትገኝ አንዲት ሴት። ከዚያ ቤት የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተወለደ። “የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ” ይሏቸዋል፤ እኔ የራሳቸው ስም ይበቃቸዋል ባይ ነኝ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ዐረፉ።

የሳቸው ታሪክ ድራማ ቢሆን ግን ከግሸን ባይጀምር እወዳለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አባቷን ጣልያን የገደለባት፣ አያቶቿ ያሳደጓት፣ በዐሥር ዓመቷ ገደማ ሳትጠየቅ የተዳረች አንዲት ልጅ ነበረች። ከባሏ ቤት ጠፍታ ብቻዋን አዲስ አበባ ገባች። ያቺ ልጅ አበበች ናት።