የዘመኑ ስም የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2019 ጃፓን አዲሱን የዘመን ስሟን «ሬይዋ» ስትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በኩራት ነበር የተናገሩት። ከ645 ጀምሮ ምንጫቸው የታወቀ የዘመን ስሞች ሁሉ ከቻይና መጻሕፍት የተቀዱ ነበሩ። ይሄኛው ግን «ማንዮሹ» ከተሰኘው የራሳቸው ጥንታዊ የግጥም መድበል ተወሰደ። መንግሥት ስም አውጪውን ባይገልጽም፣ ጋዜጦች ጣታቸውን የቀሰሩት በ89 ዓመቱ ምሁር በሱሱሙ ናካኒሺ ላይ ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ማንዮሹ ከቻይና ሥነ ጽሑፍ ምን ያህል እንደጠጣ ሲያሳዩ ነው! በ1963 ያሳተሙት ጥናት 4,500 ገደማ ግጥሞች ያሉበትን መድበል ከጎረቤቶቹ ጋር እያነጻጸረ የሚያነብ ነው። በ1970 የጃፓን አካዳሚን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

እስቲ ስሙ የተወሰደበትን ቦታ እንየው። ጊዜው 730፣ ቦታው ዳዛይፉ፣ ደጋሹ ኦቶሞ ኖ ታቢቶ። እንግዶቹ የፕለም አበባ እያዩ 32 ግጥም ገጠሙ። ስሙ የተወሰደው ግን ከግጥሞቹ እንኳ አይደለም፤ በቻይንኛ ከተጻፈው መግቢያቸው ነው። መግቢያው ደግሞ የቻይናዊውን ዋንግ ሺዢን የ353 ጽሑፍ አርአያ ያደረገ ነው። አበባውስ? እሱም ከቻይና የመጣ።

ታዲያ የማን እንበለው? እኛን ከጠየቃችሁን፣ ጥያቄው ገና ከመነሻው የተጣመመ ነው። ናካኒሺ ያማኖዌ ኖ ኦኩራ የተባለውን ታላቅ ገጣሚ እንኳ ከወደቀችው የኮሪያ መንግሥት ከቤክጄ የመጣ ስደተኛ ነው ብለው ተከራክረዋል። ሁሉም ምሁር አልተስማማም። ኦኩራ ግን በዚያ ግብዣ ላይ ነበር፤ ከ32ቱ ግጥሞች አንዱ የእሱ ነው።