የማይጮኸው በሽታ፦ ሄፓታይተስ ቢ እና እኛ በስደት ያለነው

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ደብዳቤ ነው። በ2017 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመሥሪያ ቤታችን የደም ልገሳ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ተሰልፌ ለገስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ያገኘሁት ወረቀት፣ በደሜ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምልክት ስለተገኘ ለታካሚ ሊሰጥ እንደማይችል ይገልጻል። ያን ጊዜ አሜሪካ ከገባሁ 13 ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ስኳሬ፣ ኮሌስትሮሌና የደም ግፊቴ ይለካል። የጉበት ኢንዛይሜም ሁልጊዜ “ደህና ነው” ይባል ነበር። የት እንደተወለድኩ ጠይቆ ይህን ምርመራ ያዘዘልኝ ግን አንድም አልነበረም።

ደብዳቤውን ለሁለት ቀን ከባለቤቴ ደበቅኩ። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የደወልኩት አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ነገሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ወንድም ጋሼ፣ እኔም አለብኝ። ካወቅኩ 11 ዓመቴ ነው” አለኝ።

በ2006 ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ለሥራ ሊሄድ ተነስቶ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ጉዞው ሲቀር “ኮታው ሞልቶ ነው” ብሎን ነበር። ለካ በጤና ምርመራው “ብቁ አይደለህም” ተብሎ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው የለም። እሱም አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ያን ጊዜ ተናግሮ ቢሆን እኔ ከ11 ዓመት በፊት በተመረመርኩ፣ እሱም በታከመ ነበር።

በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ በምሽት ሰዓት ያነበብኩትን ለአንባብያን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። የሐኪምን ምክር ግን አይተካም።

“የወፍ በሽታ” የሚለው ስም

አገር ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን “የወፍ በሽታ ያዘው” ይባላል። ስሙን ከሌሊት ወፍ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። የባህል መድኃኒት ይሰጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢጫው ይጠፋል፤ በሽተኛውም ዳነ ይባላል። ችግሩ ይህ አንድ ስም ብዙ በሽታዎችን በአንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ብዙውን ጊዜ ዓይንን ቢጫ አድርገው ያልፋሉ። ሄፓታይተስ ቢ ግን በልጅነት ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ “እኔ የወፍ በሽታ ይዞኝ አያውቅም” የሚል ሰው ቫይረሱ የለበትም ማለት አይደለም። “በልጅነቴ ይዞኝ ድኛለሁ” የሚልም እንዲሁ።

በእኔ ሙያ የብረት ምሰሶ ጭነት ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ከመውደቁ በፊት ያስጠነቅቃል። ብረት የሌለው ኮንክሪት ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ በድንገት ይሰበራል። ጉበት እንደ ሁለተኛው ነው። ትልቅ የመሸከም ትርፍ ስላለው ከፍተኛ ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ሆድ ሲያብጥ፣ ደም ሲያስታውክ ወይም ካንሰር ሲገኝ ብዙ ጊዜ መሽቷል።

ከየት መጣብን?

ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭም በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ይቆያል። ስለዚህ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና ያልተቀቀለ መርፌ መጋራት አደገኛ ነው። በአንጻሩ በአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ፣ በአንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ መሳሳምና መተቃቀፍ አያስተላልፉም። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ማዕድ አያስተላልፍም።

ወሳኙ ነገር የተያዙበት ዕድሜ ነው። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ይሸከማሉ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ከተያዙት ከ20 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ይሸከሙታል። ጤነኛ ጎልማሳ ሲያዝ ግን ከ95 በመቶ በላይ የመዳን ዕድል አለው። እኛ ጋ ቫይረሱ ተሸክመው ያሉት ጎልማሶች በአብዛኛው በሕፃንነታቸው የተያዙ ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ደግሞ፣ ከእናት ከሚተላለፈው ባልተናነሰ በቤትና በጨዋታ መካከል ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ ብዙዎች እንደሚጠረጥሩት የዝሙት ማስረጃ አይደለም።

ስንቶቻችን ነን?

የኢትዮጵያ ሐኪሞች ይህን ጉዳይ ከሩቅ ጊዜ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ካለባቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ሄፓታይተስ ቢ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ደግሞ በአገሪቱ የቫይረሱ ሥርጭት 7.4 በመቶ ገደማ መሆኑን ገምቷል። ይህም በግምት ከ14 ሰው አንዱ ማለት ነው። በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ያሉትን ወንበሮች ቆጥራችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ክትባቱ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ቫይረሱን ለማግኘት መንገድ የከፈቱት ባሩክ ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት መስጠት ጀምራ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር ሲቀንስ አይታለች። ኢትዮጵያ ክትባቱን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያስገባችው ግን በ2007 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት አገር ቤት የተወለድን፣ ማለትም ዛሬ በስደት ያለን ጎልማሶች ከሞላ ጎደል ሁላችንም፣ በሕፃንነታችን አልተከተብንም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 በዓለም 254 ሚሊዮን ሰዎች ቫይረሱ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተውበታል። መያዛቸውን የሚያውቁት 13 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የሚወስዱት 3 በመቶ ያህል ነበሩ።

ሦስት አገሮች፣ ሦስት ዓይነት ዝምታ

ያነበብኩትን ሁሉ ሳመዛዝን በጣም የገረመኝ፣ ስደተኛው ከዚህ በሽታ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እንደሚሄድበት አገር መለያየቱ፣ ውጤቱ ግን አንድ መሆኑ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይመረምራሉ፤ ነገር ግን ለማከም አይደለም፤ ለመለየት ነው። ለሥራ የሚሄዱት ወጣቶች፣ በተለይ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚጓዙት እህቶቻችን፣ ከመነሳታቸው በፊት ደማቸው ይታያል። ቫይረሱ ከተገኘ “ብቁ አይደለም” ይባላሉ። ያቺ ልጅ ምናልባት በሕይወቷ ያገኘችው ብቸኛ ምርመራ ይህ ነው። ለጉዞው የተበደረችውን ገንዘብ ታጣለች፤ ከጎረቤት ትደበቃለች፤ ወደ ሕክምና የሚመራት ግን የለም። ወንድሜ የደረሰበት ይኸው ነው።

አሜሪካ በተቃራኒው በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ማንንም አትከለክልም። ለግሪን ካርድ የሚደረገው ምርመራ ክትባቱን ይጠይቃል እንጂ ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን እንዲመረመር አያስገድድም። ብዙዎቻችን “ለኢሚግሬሽን ተመርምሬአለሁ፣ ሦስት ጊዜም ተወግቻለሁ” ብለን ተቀምጠናል። ቀድሞ ለተያዘ ሰው ክትባቱ አይጎዳውም፤ አያድነውምም። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እንደ እኛ ባሉ አገሮች የተወለዱ ሰዎች እንዲመረመሩ በ2008 መክሮ ነበር። ምክሩ ግን የእኔ ሐኪም ክፍል ድረስ አልደረሰም።

ሦስተኛው የእስራኤል ታሪክ ነው። በጥር 1996 ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲደፋ እንደነበር አጋለጠ። የተሰጠው ምክንያት በዋነኛነት የኤች አይ ቪ ሥጋት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በቁጣ ወጡ። ደምን መርምሮ አለመጠቀም ትክክል ነው፤ የእኔም ደም አልተወሰደም። ለእኔ ግን ደብዳቤ ተጻፈልኝ። እዚያ ግን ሰውየውን አመስግኖ ሸኝቶ፣ ደሙን በዘሩ ምክንያት ደፍቶ ዝም ማለት ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንዱ ጠይቆ ያባርራል፤ አንዱ ሳይጠይቅ ያስገባል፤ አንዱ ተቀብሎ በስውር ይደፋል። በሦስቱም ውስጥ ጉበቱ የሚጎዳው ሰው ምንም አልተነገረውም። በዚህ ላይ የራሳችን ዝምታ ሲጨመር በሽታው የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው።

የትኛውን ምርመራ እንጠይቅ?

ሲዲሲ በመጋቢት 2023 ማንኛውም ጎልማሳ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር መክሯል። “የጉበት ምርመራ” ማለት አይበቃም፤ ኢንዛይሙ ደህና ሆኖ ቫይረሱ ሊኖር ይችላልና። በስም መጠየቅ ያለባቸው ሦስት የደም ምርመራዎች ናቸው፦

1. ሰርፌስ አንቲጅን፦ ከተገኘ ቫይረሱ አሁን በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። ከ6 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

2. ሰርፌስ አንቲቦዲ፦ ካለ በክትባት ወይም ከበሽታው በመዳን የተገኘ መከላከያ አለ ማለት ነው።

3. ኮር አንቲቦዲ፦ በአንድ ወቅት ከቫይረሱ ጋር መገናኘትን ያሳያል። ይህ ያለበት ሰው ዳንኩ ብሎም ቢሆን የካንሰር መድኃኒት ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት። ቫይረሱ ሊነሳ ይችላል።

ሦስቱም ከሌሉ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መከተብ።

ሕክምናው የት ደርሷል?

እንደ ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር ያሉት እንክብሎች ቫይረሱን ፈጽሞ ባያጠፉትም እንዳይራባ ያደርጉታል። በ2013 በታተመ ጥናት፣ ሲጀመር ጉበታቸው በጠባሳ ደርቆ የነበረ 96 ታካሚዎች ለ5 ዓመት ቴኖፎቪር ከወሰዱ በኋላ 71ዱ ከዚያ ደረጃ ወጥተው ተገኝተዋል። ጉበት ዕድል ከተሰጠው ይመለሳል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሮ፣ ውድ መሣሪያ በሌለበትም አገር ማከም እንደሚቻል አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለመጀመር የሚያስፈልገውን መስፈርት አቃልሏል። ከቀድሞው የበለጡ ሰዎች ቀደም ብለው እንዲታከሙ ይፈቅዳል።

ሁሉም ሰው ግን ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። እኔ እስካሁን በክትትል ላይ ብቻ ነኝ፤ በየ6 ወሩ ደምና አልትራሳውንድ። አፍሪካ ውስጥ ለተወለድን ካንሰሩ በለጋ ዕድሜ ሊመጣ ስለሚችል አልትራሳውንዱ መቼ እንደሚጀመር ሐኪምን መጠየቅ ይገባል። መጠጥ መተው ይመከራል። ጫትም ቢሆን፤ በሐረር የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት ሕመም ከመጋለጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። “ጉበት ያጸዳል” ተብሎ የሚሸጥ ሥራ ሥር ደግሞ የተጎዳን ጉበት ሊያባብስ ይችላል።

ለነፍሰ ጡር እህቶች፦ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘት አለበት። የቫይረሷ መጠን ከፍተኛ የሆነ እናት በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት መድኃኒት ትወስዳለች። እነዚህ ሲሟሉ አብዛኞቹ ልጆች ነፃ ሆነው ይወለዳሉ።

ስለ መብት

“ብታወቅ ከሥራ እባረራለሁ” የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። በአሜሪካ ግን የፍትሕ ሚኒስቴር በ2013፣ በዚህ ቫይረስ ምክንያት ተማሪዎችን ያልተቀበለ አንድ የሕክምና ትምህርት ተቋም የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ መጣሱን ገልጾ ስምምነት እንዲፈርም አድርጓል። በባሕረ ሰላጤው ላሉት ወገኖቻችን ይህን ማለት አልችልም። ለእነሱ ምርመራው ከሥራ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከመሄዳቸው በፊት አገር ቤት በግላቸው ቢመረመሩ ገንዘብ ከመክሰራቸው አስቀድመው ያውቃሉ፤ ሕክምናም ይጀምራሉ።

በእኛ ቤት የሆነው

ለባለቤቴ ስነግራት የተቆጣችው ስለ ቫይረሱ ሳይሆን ስለ ሁለቱ ቀናት ነበር። ተመርምራ ነፃ ሆነች፤ ተከተበች። ልጆቻችን እዚህ ሲወለዱ ተከትበዋል። ወንድሜ በ2018 ሲታይ ጉበቱ መጠባሰስ ጀምሮ ነበር፤ ቴኖፎቪር ይወስዳል፤ ዛሬ ደህና ነው። ከአራት ልጆች ሁለታችን ተያዝን። በመጨረሻ እናታችን ተመረመረች፤ እሷም አለባት። “ታዲያ እኔ ነኛ ያሳመምኳችሁ ልጄ?” አለችኝ በስልክ።

ያነበብኩትን ሁሉ ያን ቀን ተጠቀምኩበት። “እማዬ፣ ከማን እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከጎረቤት ልጅ፣ ከሠፈር ምላጭ፣ ከመርፌ ሊሆን ይችላል። ለአንቺም የሰጠሽ አለ” አልኳት። ትንሽ ቆይታ “እንግዲያስ ለእህትህ ልጆች ንገራቸው” አለች። ነገርኳቸው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ አበው። በእኛ ዘመን መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ቀሪው መደበቁን መተው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሦስቱን ምርመራዎች በስማቸው ጠይቁ። ውጤቱን ስታውቁ ለወንድምና ለእህት ንገሩ።

ቸር እንሰንብት።