በሐኪም የታዘዘ ዶማ

የአክስቴ ልጅ ከብዙ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ በኋላ ተመልሳ ጎንደር ከተማ ውስጥ ቤት ሠርታ ገባች። እዚያ ሳለች ክብደቷ ከልክ አልፎ ስለነበር ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አስቀንሳለች። ሰፈሩን ያነጋገረው ግን መቅጠኗ አይደለም፤ በመጣች በሳምንቷ ማለዳ ተነሥታ፣ ሱሪዋን ታጥቃ፣ ዶማ ይዛ ጓሮዋን መቆፈር መጀመሯ ነው።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት ካጥር ማዶ ብቅ አሉና «ምነው ልጄ፣ የቀን ሠራተኛ ጠፋ እንዴ?» አሏት።

«ኧረ አልጠፋም እማማ፣ ሐኪም አዞብኝ ነው።»

«ሐኪም ዶማ ያዛል?»

«ያዛል።»

አማትበው ገቡ። በማግስቱ ግን ለሰፈሩ የሚያስረዱት እሳቸው ሆኑ፤ «ሥራ እኮ አይደለም፣ ሕክምና ነው» እያሉ። ሐሜቱም በረደ።

እንግዲህ እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ያው ዶማ፣ ያው አፈር፣ ያው ላብ፤ ሥራ ሲሉት ያሳፍራል፣ ሕክምና ሲሉት ያስከብራል። ይህ ነገር ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከጎንደር የተሻለ መነሻ የለም።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ ከተማዋ በእጅ ሥራ ቆመች። ድንጋይ ከጠረቡትና ግንብ ከገነቡት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት፤ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። ቅማንቶች ከዙሪያው ገጠር ማገዶ ተሸክመው ያመጡላት ነበር። ታዲያ ምስጋናቸው ምን ሆነ? ስድብ። ብረት የሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ሸክላ የሠራችው «ቡዳ» ተባሉ። ገበሬውም ቢሆን አገር እየመገበ ከመናቅ አልዳነም። ጌታ ማለት እጁ ያልሻከረ፣ አጃቢ የበዛለት፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ ሰው ሆነ። ዛሬም «ወፈርክ» ስንል እየመረቅን ነው፤ «ከሳህ» ስንል ደግሞ «ምን ነካህ?» ማለታችን ነው።

ይህን ልማድ የተላለፈ ንጉሥ ከዚሁ አካባቢ፣ ከቋራ ወጥቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ከባድ መድፋቸውን ሲያስጎትቱ፣ ገደል እየተናደ መንገድ ሲጠረግ ከሠራተኛው ጋር ገብተው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ያስዘረፉና ያቃጠሉም እኚሁ ንጉሥ ናቸውና አላጋንናቸውም። ሥራን በሚመለከት ግን ከመኳንንቶቻቸው ቀድመው ነበር። ከእሳቸው አርባ ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር ግድ ሆነባቸው። ስድቡ አገር ባያዳርስ ኖሮ ዐዋጅ ባላስፈለገው ነበር።

የሐኪሞቹ ትምህርት ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ውጤቱን አሳተመ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከሚነዳው ሾፌር ይልቅ ባለሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ በልብ ሕመም የመጠቃት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ጭንቀቱ ሌላ ነበር፤ ወባ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖችና ሳኒቴሪያኖች «መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ያቆረ ውኃ አፍስሱ» እያሉ በየቀዬው ዞሩ። አስቡት፣ ያኔም ሐኪም ዶማ አዞ ነበር።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና በሰፊው ከታወቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ቢላዋው ጨጓራን ያሳንሳል፣ ረኀብንም ያስታግሳል፤ ኑሮን ግን አይለውጥም። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፣ ሰውነትም በትንሽ ምግብ መኖርን ይለምዳል። ስለዚህ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ኪሎው ቀስ እያለ የሚመለስባቸው ብዙዎች ናቸው። ሐኪሞች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ከተቻለም እስከ 300 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ የሚሉት ለዚህ ነው። አረምና ቁፋሮ ቁጭ ከማለት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ጉልበት ያስወጣሉ። በቀን ግማሽ ሰዓት ጌሾና ጎመን የሚኮተኩት ሰው በሳምንት 210 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። በርግጥ ቁስሉ ሳይደርቅ ዶማ አይነሣም፤ ሐኪሙ «አሁን ይቻላል» እስኪል መጠበቅ ነው። አመጋገቡም ከተበላሸ ዶማ ብቻውን አያድንም።

የከተማው ሰው ግን ቀላሉን ይተውና ለቀጠነ ሰው ሥራ ቀጥሮ፣ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ የትም በማያደርስ የመሮጫ ማሽን ላይ ያልበዋል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለእኛ ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ላርም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ገበሬውን በሩቁ እያዩ የሚያወድሱ ጽሑፎች አይጥሙኝም ነበር፤ እኔም እዚያው እንዳልገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል በጎንደር ከተማ 5.1 በመቶ፣ በአካባቢው ገጠር ደግሞ 2.1 በመቶ የሚሆኑት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ገጠሬው ተሽሎታል ብሎ ማጨብጨብ ይቀላል። ነገር ግን የጎንደር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን ፈላጊ ሕሙማን ቀጫጭን ድኾች መሆናቸውን አይተው፣ በሽታውን ልጅነት ላይ ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የማያያዙ ጥያቄ እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። የሰሜን ተራራ ገበሬ ቀጭን የሆነው ስፖርት ስለሠራ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሲጠፋ ጃናሞራና በየዳ ምን እንደገጠማቸው ሰምተናል። የአንዱ ቅጥነት ጤና፣ የሌላው ቅጥነት ረኀብ ነው፤ ዶማው ግን አንድ ነው።

ይህን የአክስቴ ልጅ ጓሮ ውስጥ በዓይኔ አየሁት። አንድ ጠዋት ከጃናሞራ የወረደ ወጣት በሩን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ሥራ አለ?» አላት። ዶማው በእጇ ነው። ክው አለች። የእሷ መድኃኒት የእሱ እንጀራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያሰበችው። ትንሽ ቆማ «አለ፣ ግባ» አለችው። ሌላ ዶማ ተፈለገ። እሱ ድንጋዩን እየፈነቀለ፣ እሷ አፈሩን እያለሰለሰች እስከ ምሳ ሠሩ። የቀኑንም ሙሉ ሒሳብ ከፈለችው።

ምሳ በአንድ ገበታ ቀረበ። እሷ ጨጓራዋ የሚፈቅድላትን አራት አምስት ጉርሻ በልታ እጇን ሰበሰበች። እሱም አፍሮ እጁን ሰበሰበ። «እኔን አትይ፣ አንተ ብላ» አለችው።

በላ። እንጀራ ተጨመረለት፣ እሱንም በላ።